ሙዝ የሸተተው ውስኪ

ዶርቃ ልትፈታው የተነሣችው ችግር በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፦ አንድን ሽታ ለይቶ ለማያውቀው ሰው እንዴት ማስረዳት ይቻላል? ቀለም ቢሆን ጣት ይቀሰርበታል። ክብደት ቢሆን ሚዛን አለ። ሽታ ግን አፍንጫ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ምስክሩም ዳኛውም ያው አፍንጫ ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ቢሆን ኖሮ ደስ የሚል እንቆቅልሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሽታ የተነሣ ወጋየሁ የሚባል የሦስት ልጆች አባት ፖሊስ ጣቢያ ከገባ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ያስገባችውም እሷው ዶርቃ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከውስኪው በፊት ስለ ቅቤ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዶርቃ የተወለደችው ሆሳዕና ነው። እናቷ የቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷም በሰባት ዓመቷ ገበያ እየተከተለቻቸው መውጣት ጀመረች። ቅቤ የሚገዛ ሰው በዓይኑ ብቻ አይገዛም። የዶርቃ እናት ከቅቤው ላይ በጥፍራቸው ጥቂት ቆንጥረው የልጃቸውን የእጅ ጀርባ ይቀቡና ‹‹እስኪሞቅ ጠብቂ›› ይሏታል። የሰውነት ሙቀት ቅቤውን ሲያቀልጠው የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ለጋ ከሆነ ወተት ወተት ይላል፤ በሳል ከሆነ ሽታው ከርሮ አፍንጫ ይይዛል። የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበት እንደሆነ ደግሞ ምንም አይሸትም፤ ዝም ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን ሙዝ የተለወሰበት ነው። ሙዝ ቀለሙም ልስላሴውም ከቅቤ ጋር ስለሚስማማ ለአታላይ ይመቻል። የሚያሳብቀው ሽታው ብቻ ነው፤ እሱም ቅቤው ሲሞቅ በመጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። ‹‹ሙዝ ከሸተተሽ ሰውየው ሌባ ነው፤ ሌላ ምርመራ የለውም›› ይሉ ነበር እናቷ። ልጅቷም ይህን እንደ ጸሎት ይዛው አደገች።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አዲስ አበባ መጥታ ፉሪ አካባቢ አክስቷ ዘንድ አረፈች። እሑድ እሑድ ከምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ወጋየሁ የሚባል ሰው ነበር፤ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ያለ የአንድ መጠጥ አስመጪ ድርጅት መጋዘን ጠባቂ ነው። ‹‹እህት ዶርቃ፣ ብርጭቆ ማጠብ ከቻልሽ ሥራ አለ›› አላት። ቻለች። ድርጅቱ ውስጥ የመቅመሻ ክፍል የምትባል ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ከውጭ የሚመጣው መጠጥ ለሆቴሎች ከመከፋፈሉ በፊት ናሙናው እዚያ ይታያል። ዶርቃ የቀማሾቹን ብርጭቆ ማጠብ ሥራዋ ሆነ።

አንድ ቀን የሽያጭ ኃላፊው አቶ ደምሰው በዚያ ሲያልፉ፣ አንዱን ብርጭቆ ይዛ እንደቆመች ‹‹ይሄኛው እንደሌሎቹ አይደለም፤ የቆየ ካርቶን ካርቶን ይላል›› አለቻቸው። አጣርተው አዩ፤ የዚያ ጠርሙስ ቡሽ ሻግቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ፈተኗት፣ ሦስቱንም አገኘች። ከዚያ ወዲህ ናሙና የምትመረምረው ዶርቃ ሆነች፤ በዚህ ሥራ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ጠብታ አልቀመሰችም። እምነቷ አይፈቅድም፤ ደግሞም አላስፈለጋትም፤ አፍንጫዋ በቂ ነበር። ወጋየሁ በዚህ ሲስቅባት አይጠግብም። ‹‹ኖኅ እንዳንቺ ማሽተት ብቻ ቢበቃው ኖሮ ራቁቱን ባልተኛ ነበር!›› ይላታል፣ ካርቶን እየቆጠረ።

እንግዲህ ወደ ውስኪው እንምጣ፤ ነገሩ እዚህ ላይ እጅግ ያምራል፣ እጅግም ይከፋል።

ድርጅቱ ለዓመታት ሲያስመጣው የኖረ አንድ የአየርላንድ ውስኪ አለ። አረንጓዴ ጠርሙስ ነው። ከገብስ ብቅልና ከሌላ እህል ለየብቻ የተጣሩ ውስኪዎች ተደባልቀው ይሠራል። አየርላንዶች ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ያጣራሉ፤ የእኛ ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ መውጣቱን ለሚያውቅ ሰው፣ ሦስተኛው መውጣት መጠጡን ምን ያህል እንደሚያለሳልሰው መገመት አይከብድም። ዶርቃ ይህን ውስኪ እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች፦ ማር፣ የተቆላ ገብስ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ የእንጨት ፍቅፋቂ። ሌላ ነገር የለውም። ለዓመታት ሳይለወጥ ስለኖረም በቅርቡ የመጣው ጭነት ናሙናው ሳይታይ ነው የተከፋፈለው።

ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት አንድ ሆቴል ከዚሁ አረንጓዴ ጠርሙስ ስድስቱን ክዳናቸው እንደተከፈተ መለሰ። ‹‹ደንበኞች ‘ውስኪው ተነክቷል’ አሉን፤ ሁሉንም ከፍተን አየናቸው፣ ጣዕማቸው ያው የተበላሸ ነው›› የሚል ደብዳቤ አብሮ ነበር። ዕለቱ አርብ ነው። አቶ ደምሰው ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩና ጠሯት።

‹‹ነይ እስቲ ዶርቃ። ይሄን አሽትተሽ ንገሪኝ።››

ቀዳች። ብርጭቆውን በመዳፏ አሞቀችና አሸተተች። ማሩ አለ፤ ገብሱም አለ። ትንሽ ጠበቀች። በመጨረሻ ላይ ያ የልጅነቷ ጠላት ብቅ አለ።

‹‹ሙዝ›› አለች።

‹‹ምን?››

‹‹ሙዝ ገብቶበታል።››

‹‹የምርሽን ነው? እርግጠኛ ነሽ?››

‹‹አቶ ደምሰው፣ ደግሞ ሙዝን ላጣው ነው?››

በዚያኑ ሰዓት ሦስት መስመር ጻፈች፦ መጠጡ የነበረው አይደለም፣ የሙዝ ሽታ ያለው ባዕድ ነገር ተጨምሮበታል፣ ስድስቱም ጠርሙሶች አንድ ናቸው። ፈረመች። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ መሆኑን ስትጽፍ አላሰበችውም። ቅዳሜ ጠዋት ወጋየሁን እምነት በማጉደል ተጠርጥረሃል ብለው ወሰዱት።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። የዶርቃ አፍንጫ አልተሳሳተም። ‹‹ሙዝ አለ›› አለ፤ በእርግጥም የሙዝ ሽታ ነበረ። የተሳሳተው ከአፍንጫው ቀጥሎ ያለው ነገር ነው፤ ሆሳዕና ገበያ ላይ የተማረችው ፍርድ።

በአምስተኛው ቀን የወጋየሁ ሚስት ምሥጋና ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ መያዣው ላይ አገኘቻት። ለባሏ ስንቅ አድርሳ መመለሷ ነው፤ ባዶ ሳህኑን በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ዶርቃ መሸሽ ፈለገች፣ ግን ወረፋ መካከል ነበረች።

‹‹ጻፍሽ አሉ›› አለች ምሥጋና።

‹‹ያሸተትኩትን ነው የጻፍኩት።››

‹‹እሱስ ይሁን። እንዲያው አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ወጌ እንዲህ የሚያደርግ ይመስልሻል?››

‹‹አይመስለኝም። ግን ሙዙ…››

‹‹እኔ ስለ ሙዝ አልጠየቅኩሽም!›› ምሥጋና ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ወረፋ የያዙ ሰዎች ዞረው አዩ። ቀስ ብላ ቀጠለች፦ ‹‹እሱ እኮ አልተቆጣሽም። ቢቆጣሽ ይሻለኝ ነበር። ‘ዶርቃ አትዋሽም፤ እንደገና ታሽት በሏት’ ነው የሚለው። እንደ መድኃኒት ነው የሚጠራሽ።››

ዶርቃ ‹‹እንደገና አሸታለሁ›› ብቻ አለች።

ይሁንና ስድስቱ ጠርሙሶች በኤግዚቢትነት ተወስደዋል፤ ከዚያ ጭነት የመጣው ሌላውም ተሽጦ አልቋል። በዚያው ከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ሱቅ ለሱቅ ዞረች፤ ሀይሌ ጋርመንት፣ ላፍቶ፣ ጀሞ። አረንጓዴ ጠርሙስ ባየች ቁጥር ልቧ ይመታል፣ ቀርባ ስታየው ግን ያለፈው ዓመት ጭነት ይሆናል። በመጨረሻ ብስራተ ገብርኤል ደረሰች። እዚያ እትዬ ፀሐይወርቅ የሚባሉ ሴት ትንሽ መጠጥ ቤት አላቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት በሆቴል ባር ሠርተው የወጡ፣ አንደበታቸው የማይቻል ሴት ናቸው። በቅርቡ ከድርጅቱ ዕቃ እንደወሰዱ ዶርቃ ታስታውሳለች።

‹‹አረንጓዴው ውስኪ ይኖርዎታል?››

‹‹አለ። ግማሽ ጠርሙስ። ልቅዳልሽ?››

‹‹አልጠጣም። ማሽተት ነው የምፈልገው።››

እትዬ ፀሐይወርቅ ከላይ እስከ ታች አይዋት። ‹‹አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ ጴንጤዋ ውስኪ መርማሪ? ጉድ እኮ ነው! ጾመኛ ልኳንዳ ቤት ተቀጠረ ማለት እኮ ነው። በይ እንቺ፣ አሽቺ፤ ለሽታ አላስከፍልም።››

አሸተተች። ማር። ገብስ። ጠበቀች። ሙዝ።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ከሁሉ የከፋው ነበር፦ ወጋየሁ ይሄንንም ነክቶታል። እንግዲያው እውነት ነው ማለት ነው።

‹‹ምነው፣ ሬሳ የሸተተሽ መሰልሽ?››

‹‹ይሄም ተበርዟል፣ እትዬ። ሙዝ አለበት።››

እትዬ ፀሐይወርቅ ሳቁ፤ ተንበርክከው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። ‹‹ምን ተበርዟል ትላለች! በገዛ እጄ ነው የከፈትኩት፤ ክዳኑ ጠረቅ ሲል ይህ ጆሮዬ ሰምቷል። ደንበኞቼም ‘ኬክ ኬክ ይላል’ ብለውኛል። የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ረም ነው የሚሸተው!››

‹‹ረም ምንድን ነው?››

‹‹ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ነዋ። ቆይ፣ አፍንጫ ሰጥቶሽ ወሬ ነሳሽ እንዴ? ሆቴል ሳለሁ የውጭ አገር ባለሙያ እያመጡ ያስተምሩን ነበር። ውስኪውን በአንድ በርሜል አስረጅተው ሲያበቁ ወደ ሌላ በርሜል ይገለብጡታል፤ ረም ተቀምጦበት ወደነበረ በርሜል። ጥቂት ወራት እዚያ ይቀመጥና ይወጣል። እንጨቱ የጠጣውን ረም ለውስኪው መልሶ ይተፋለታል። ሙዙ ከዚያ ነው።››

‹‹ረሙ ውስጥ ሙዝ ይገባል?››

‹‹ኧረ የምን ሙዝ! ሙዝ የሚባል ነገር በደጁ አላለፈም። የአገዳው ሽሮፕ ሲፈላ ራሱ የሚያመጣው ሽታ ነው። እንዲያው ሽታ ብቻ።››

ዶርቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ገብቷታል፤ የገባትም በእትዬ ፀሐይወርቅ ንግግር አይደለም፣ በሆሳዕና ነው። ለእናቷ ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች ወተት ከማለባቸው በፊት ቅሉን በወይራ ጭስ ያጥኑ ነበር። ወተቱ ወይራ ይሸታል፤ እርጎውም ወይራ ይሸታል፤ ቅቤውም። ያንን ቅቤ ‹‹ወይራ ተቀላቅሎበታል›› ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዕቃው ነው የሸተተው። ለቅቤው ዕቃ የምታውቀውን ለውስኪው ዕቃ አላወቀችም፤ አላሰበችውም።

ግን ጠርሙሱ ያው ራሱ አረንጓዴው ጠርሙስ አይደለም እንዴ? አገላብጣ አየችው። ከዋናው ስም በታች የድርጅቱ የአማርኛ ተለጣፊ አለ፤ የአስመጪው ስምና አድራሻ የታተመበት። ሙቅ ውሃ ለመነች፤ ተለጣፊውን አርሳ በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ላጠችው። ከሥሩ ቀጭን የወርቅ ቀለም መስመር ወጣ። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም ፊደል በፊደል አነበበችው፦ በረም በርሜል ውስጥ የሰነበተ። ላኪው ከተለመደው ይልቅ አዲሱን ዓይነት ልኮ ኖሯል፤ ድርጅቱ ደግሞ ልዩነቱን በምትናገረው አንዲት መስመር ላይ የራሱን ወረቀት ለጥፎባታል።

ያን ዕለት ብስራተ ገብርኤል ላይ ዶርቃ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። እትዬ ፀሐይወርቅን ጠርሙሱን ውሰጂው እስኪሏት ለመነቻቸው፤ እሳቸውም ‹‹ግማሽ ጠርሙስ ውስኪ በጴንጤ እጅ ከቤቴ ሲወጣ አየሁ፤ እንግዲህ ምጽአት ነው›› ብለው ሰጧት።

በነጋታው የሆነው ይህ ነው። አቶ ደምሰው የተላጠውን ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የጭነቱን ወረቀት አስመጥተው አዩ፤ እዚያም ከስሙ ቀጥሎ አንዲት ቃል ተጨምራለች። ተለጣፊው የት እንደሚለጠፍ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን ሳያነብቡ የፈረሙትም እሳቸው። ፊታቸው ቀላ።

‹‹ጥሩ›› አሉ በመጨረሻ። ‹‹እና ይሄ ምን ያሳያል?››

‹‹ምን ያሳያል ማለት? ወንድም ወጋየሁ ምንም እንዳልነካው ነዋ!››

‹‹አይ። ይሄ የሚያሳየው ጠርሙሱ ውስጥ ምን መኖር እንደነበረበት ነው። በእነዚያ በስድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ አያሳይም። የተከፈቱ ናቸው። አንድ ሰው እውነተኛውን ገልብጦ ርካሽ ነገር ሞልቶ የሙዝ ኤሰንስ ጠብ ቢያደርግበትስ? ኬክ ቤት የሚጨመረው ማለቴ ነው። ‘ባዕድ ነገር’ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ እኮ፣ ዶርቃ። እኔ አይደለሁም።››

‹‹ተሳስቼ ነው።››

‹‹አሁን እንዳልተሳሳትሽ በምን ልወቅ?››

መርማሪዋ ፖሊስም ከዚህ የተለየ አላለቻትም፤ ያውም በቅንነት። የስድስቱ ናሙና ቤተ ሙከራ ተልኮ ነበር፤ የአልኮሉ መጠን ልክ ነው፣ ጎጂ ነገርም የለበትም ብሎ መልሷል። የትኛው በርሜል ውስጥ እንደ ሰነበተ ግን አልተጠየቀም፤ ያንን ለማወቅም የሚነጻጸርበት ያልተከፈተ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ‹‹እህቴ›› አለቻት መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ‹‹አርብ ዕለት ነጭ ብለሽ ፈርመሽ ዛሬ ጥቁር ብትዪኝ የትኛውን ልመዝግብ? ያስገባው የአንቺ ቃል ነው። እንዲያስወጣው ከፈለግሽ መጀመሪያ ቃልሽ ዋጋ እንዳለው አሳዪኝ።››

ፈተናው የተወለደው ከዚህ ነው። አቶ ደምሰው ስድስት ብርጭቆ ያዘጋጃሉ። በአንዳንዱ በረም በርሜል የሰነበተው ውስኪ ይቀዳል፣ እሱንም ከእትዬ ፀሐይወርቅ ጠርሙስ ቀንሰው አስቀርተዋል፤ በአንዳንዱ ደግሞ የተለመደው ውስኪ የሙዝ ኤሰንስ ተጨምሮበት። ዶርቃ መርማሪዋ ባለችበት ትለያለች። ስድስቱንም ካገኘች አቶ ደምሰው ይፈርማሉ፤ ከኤግዚቢቱም ተቀድቶላት ትመረምራለች፤ አዲሱ ቃሏም ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። አንድ ከሳተች የመጀመሪያው ቃሏ እንዳለ ይቀራል። ፈተናው የሚቀጥለው ሐሙስ ነው፤ የወጋየሁ የፍርድ ቤት ቀጠሮ በማግስቱ አርብ።

በዚያው ሳምንት አርብ ማታ ቤቷ ስትገባ የሙዝ ኤሰንስና የተለመደውን ውስኪ ገዝታ ነበር። ሁለት ብርጭቆ አዘጋጅታ አሸተተች። ሁለቱም አንድ ናቸው። ደጋግማ አሸተተች። ማር፣ ገብስ፣ ሙዝ። ማር፣ ገብስ፣ ሙዝ። ዕድሜ ልኳን የተማመነችበት አፍንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አላት።

ቅዳሜ በጠዋት እትዬ ፀሐይወርቅ ዘንድ ሄደች። ‹‹በአፍንጫ አይለይም›› አለቻቸው።

‹‹አፍ የተሠራው ለመዘመር ብቻ መሰለሽ? ቅመሺዋ።››

ዶርቃ አቀረቀረች። ብርጭቆው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ እትዬ ፀሐይወርቅ እንኳ አልቀለዱም። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና በሹክሹክታ ‹‹ጌታ ሆይ፣ ይሄ መጠጣት ከሆነ ይቅር በለኝ፤ ካልሆነ ደግሞ እርዳኝ›› አለችና አንድ ጉንጭ ያዘች።

አፏ ነደደ። እንባዋ መጣ። ወዲያው ማጠቢያው ላይ ተፋችው።

‹‹አይ! እንደሱ አይደለም›› አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ። ‹‹እሳቱን አሳልፊው። በምላስሽ አገላብጪው፣ በድድሽ ጎንና ጎን አስኪጂው፣ ከዚያ ትፊው። ከተፋሽ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምር። አፍሽን ዘግተሽ በአፍንጫሽ ተንፍሺ፤ ቁጠሪ።››

በዚህ መንገድ ያገኘችው ነገር ግሩም ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ኤሰንስ የተጨመረበት ሲቀመስ ሙዙ ቀድሞ ይመጣል፤ ገና ምላስ ጫፍ ላይ ይጮኻል። ከተተፋ በኋላ አምስት እስኪቆጠር ድረስ ይጠፋል፤ የሚቀረው እንደ ወረቀት ያለ ምሬት ነው። የበርሜሉ ግን አይቸኩልም። መጀመሪያ ማሩ፣ ቀጥሎ ገብሱ፣ ሙዙ ከተተፋ በኋላ፤ እሱም ጥሬ ሙዝ ሳይሆን በመጥበሻ ላይ ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ ይመስላል። ከዚያ የተቃጠለ ስኳር ይከተላል፤ በመጨረሻ የእንጨቱ ድርቀት ድድን ጨበጥ አድርጎ ይይዝና ሃያ እስኪቆጠር አይለቅም። ሁለቱም ውስጥ ያለው ሽታ አንድ ነው። የሚለየው ሰዓቱ ነው፤ መቼ መጣ፣ ምን ያህል ቆየ። ኤሰንስ እንግዳ ነው፣ በር ላይ ሰላም ብሎ ይሄዳል። በርሜል ግን እዚያው የኖረ ነው።

ዶርቃ ይህን ስታገኝ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሆኖም ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መቻል ሌላ። አፏ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ የኖረ አፍ ነው። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ምላሷ ይደነዝዛል፤ አምስተኛው ላይ የቀደመው ብርጭቆ እንጨት ገና ከድድዋ ስላልለቀቀ ኤሰንሱንም በርሜል ታስመስለዋለች። ቅዳሜ ከስድስት ሦስት አገኘች፤ ሳንቲም ወርውራ ብትገምትም ከዚህ አታንስም ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፤ አፏ እየሸተተ የምትዘምርበት ፊት አጣች። ሰኞ በየመካከሉ ደረቅ ዳቦ መቁረስና ሃያ መቁጠር ጀመረች፤ አራት። ማክሰኞ አምስት፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት። ፍርሃት አፍ ያደርቃል፤ የደረቀ አፍ ደግሞ ሁሉን ነገር እንጨት እንጨት ያደርገዋል። ጠርሙሱ ውስጥም ከሁለት ጣት ያልበለጠ ቀርቷል።

አንድ ሌላ ችግርም ነበር፤ እስካሁን የሚቀዱላት እትዬ ፀሐይወርቅ ለረቡዕ ጠዋት አይመቻቸውም፤ ራሷ የቀዳችውን ደግሞ ታውቀዋለችና ራሷን መፈተን አትችልም። አክስቷ መጠጥ አልነካም ብለው ቤቱን ትተው ወጥተዋል። ማክሰኞ ከሰዓት ምሥጋና ዘንድ ሄዳ በር ላይ ቆመች።

‹‹የሚቀዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ›› አለች።

‹‹ትጠጫለሽ እንዴ?››

‹‹እተፋዋለሁ።››

ምሥጋና ‹‹እንደገና ታሽት ነበር ያለው›› አለች። ‹‹ትቅመስ አላለም።››

‹‹ማሽተት አልበቃ አለ።››

‹‹እና ብትስቺ?››

 ምሥጋና በሩን አልዘጋችም፤ መልስም አልጠበቀችም። ‹‹ነገ ጠዋት ስንቁን ከማድረሴ በፊት እመጣለሁ›› አለች።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ምሥጋና ፉሪ ባለችው የዶርቃ ክፍል ውስጥ፣ የስንቅ ሳህኗን በሩ አጠገብ አስቀምጣ፣ በአንድ እጅዋ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና በሌላው እጅዋ ትቀዳለች። እንዳይፈስባት በጣም ትጠነቀቃለች፤ ከዚህ ጠርሙስ ሌላ የለም። ከብርጭቆዎቹ ሥር ቁራጭ ወረቀት ታስገባለች፤ ከዚያ ፊቷ እንዳያሳብቅባት ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

‹‹አንደኛው?››

‹‹ኤሰንስ።››

‹‹ሁለተኛው?››

‹‹በርሜል።››

‹‹ልክ ነኝ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ስድስቱ ሳያልቁ አልነግርሽም።››

‹‹አልጠየቅኩሽም።››

‹‹በዓይንሽ ጠየቅሽኝ።››

‹‹ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ዓይኔን በምን አየሽው?››

ምሥጋና ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጡን ግን አላቆመም፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ዶርቃ አልለየችም። ሦስተኛውን በርሜል አለች። አራተኛው ላይ ብዙ ቆየች። ሙዙ መጀመሪያ የመጣ መሰላት፣ ከዚያ ደግሞ ያልመጣ መሰላት። እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት ላይ የቀረው ነገር እንጨት ይሁን የራሷ ድርቀት አላወቀችም።

‹‹አራተኛው?›› አለች ምሥጋና፣ ሳትዞር።

‹‹ቆይ።››

‹‹ዶርቃ።››

‹‹ቆይ አልኩ እኮ!›› ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ‹‹ኤሰንስ። ኤሰንስ ነው።››

ምሥጋና የመስኮቱን ብረት ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ዶርቃ በውሃ ተጉመጠመጠች፤ ዳቦ ቆርሳ ቀስ ብላ አላመጠች፤ ዓይኗን ጨፍና ሃያ ቆጠረች፤ አሁንም እንጨቱ ከድድዋ ያልለቀቀ ስለመሰላት ሌላ ሃያ ጨመረች። ከዚያ አምስተኛውን ብርጭቆ አነሣች።